ከምሰሶው የተሰቀለው ጠመንጃና መድን

ዓባይን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ጐጃም የገባ መንገደኛ፣ በየጥኖራም ሆነ በቢቸና ወይም በሞጣ ገጠር ከአንድ ባላገር ቤት በእንግድነት ሲቀመጥ፣ ዓይኑ በቶሎ ከሚያርፍባቸው ነገሮች አንዱ ከምሰሶው ላይ የተሰቀለው ጠመንጃ ነው። በሬው በጋጥ፣ እህሉ በጐተራ ነው፤ ጠመንጃው ግን የቤቱ ጌታ ከሚቀመጥበት በላይ፣ ሁሉ ሊያየው በሚችል ስፍራ ይውላል። ለባለቤቱ መከላከያው ብቻ አይደለም። የርስቱ ምስክር፣ የአባቱ ማስታወሻ፣ በሠርግና በለቅሶ ቀንም ክብሩ ነው።

ታዲያ ይህ ንብረት አንድ ሌሊት ከሣር ክዳኑ ጋር አብሮ ቢቃጠል ወይም ሌባ ቢወስደው የሚተካው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ ትምህርቱን ጨርሶ በሞጣ በአንድ መሥሪያ ቤት የተመደበ ወጣት ወዳጄ ነው። አያቱ ሦስት ጠመንጃ ትተው አልፈዋል፤ አንድ ውጅግራ፣ አንድ ምንሽርና አንድ ቤልጅግ። ወጣቱ ደመወዝ መቀበል ሲጀምር የአባቱን የቆርቆሮ ቤት መድን ለማስገባት አሰበና የዕቃውን ዝርዝር ለመጻፍ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ከአባቱ ፊት ተቀመጠ። ስለ አልጋው፣ ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ራዲዮኑ አባት ያለ ችግር መለሱ። ከጠመንጃዎቹ ሲደርስ ግን ነገሩ ቆመ።

«አባ፣ ቤቱ ቢቃጠል እኮ እነዚህም አብረው ይቃጠላሉ። ዋጋቸውን ይንገሩኝና ልጻፈው» አለ።

«የአባቴን ጠመንጃ ዋጋ ለነጋዴ ልንገር? ደግሞስ ልጄ፣ አንዴ የተጻፈ ነገር ነገ ማን እጅ እንደሚገባ አንተ ታውቃለህ?»

ወዳጄ ይህን ሲያጫውተኝ እየሳቀ ነበር፤ እኔ ግን የአባትዬው ቃል ሁለት ከባድ ጥያቄዎች እንደ ያዘ ስለ ታየኝ ለአንባቢዎች ላቀርበው ወደድሁ።

በመጀመሪያ፣ መድን በአገራችን ቃሉ አዲስ ቢመስልም አሳቡ ፍጹም እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በአንዳንድ ስፍራ አፈርሳታ፣ በሌላው ደግሞ አውጫጭኝ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። የአንድ ሰው ንብረት ሲሰረቅ ወይም ቤቱ ሲቃጠል የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው ማን እንደ ሆነ እስኪወጣ ድረስም ወደ ቤቱ እንዲመለስ አይፈቀድለትም ነበር። ወንጀለኛው ሳይገኝ የቀረ እንደ ሆነ አገሬው በጋራ አዋጥቶ ለተጐዳው ሰው ካሣ ይከፍላል። ይህ በእውነቱ የመድን አሳብ ነው፤ የአንዱን ጉዳት ብዙዎች እየተከፋፈሉ ይሸከሙታል። ልዩነቱ አረቦኑ የሚከፈለው ከአደጋው በኋላ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ንጹሑ ገበሬ እርሻውን ትቶ ቀኑን በሜዳ ይፈጅ ነበርና ዕዳው ቀላል አልነበረም። የዛሬው መድን ይህንኑ ሸክም አስቀድሞ በትንንሹ እንድንከፍለው ያደርጋል፤ ጎረቤትንም ከመጠርጠር ያድናል።

በወረቀት የሚጻፈው መድን ወደ አገራችን የገባው በ1898 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የአቢሲንያ ባንክ በኩል ሲሆን፣ ባንኩ ለውጭ አገር ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ መድን ይሸጥ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ኩባንያዎቹ ሁሉ የመንግሥት ሆኑ፣ በኋላም በአንድ ድርጅት ተጠቃለሉ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ የግል ኩባንያዎች እንዲቋቋሙ ተፈቀደ። የመድን ውል የሚገዛበት ዋናው ሕግ ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም የመድኑን ክፍል አልሻረውምና ሕግ የሚማሩ ተማሪዎች የድሮውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው እንዳያወርዱት።

ከዚህ ሕግ ወደ ጠመንጃው ስንመለስ መጀመሪያ የምናገኘው ፈቃድን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውል የሚጸናው የተዋዋሉበት ነገር ሕጋዊ ሲሆን ነው ይላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። እንግዲህ ፈቃድ የሌለውን ጠመንጃ መድን አስገባለሁ የሚል ሰው፣ አረቦኑን ዓመት በዓመት ቢከፍልም እንኳ፣ ጠመንጃው የጠፋ ዕለት ባዶ እጁን ይቀራል፤ ከዚያም አልፎ ለካሣ ያቀረበው ማመልከቻ በራሱ ላይ ማስረጃ ይሆንበታል። ከወዳጄ ቤት ሦስት ጠመንጃዎች ፈቃድ ያለው ቤልጅጉ ብቻ ነበር።

ስለ ዋጋ ደግሞ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ አባትዬው የተቈጡት በዚህ ነውና። የንብረት መድን የካሣ ውል ነው፤ የጠፋውን ለመተካት እንጂ ለማትረፍ አልተፈጠረም። ስለዚህ መድን ሰጪው የሚከፍለው ንብረቱ በጠፋበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። ውጅግራን እንመልከት። ስሙ ራሱ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ከፈረንሳዮቹ አጠራር የመጣ ነው፤ በ1874 የአውሮጳ ዘመን የወጣ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጐርስ፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ የጥንት ጠመንጃ ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ በዘመተው ሠራዊት እጅ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ነበር። ዛሬ ጥይቱን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። እንደ መሣሪያ ከተገመተ ዋጋው ኢምንት ነው፤ እንደ ታሪክ ዕቃ ከተገመተ ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲያውም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቅርስ በእጁ የሚገኝ ሰው እንዲያስመዘግበው ያዛልና፣ የዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ ባለቤት ከፖሊስ ሌላ የቅርስ ባለሥልጣንንም መጠየቅ ሳይኖርበት አይቀርም። ምንሽሩም፣ ማንሊኸር ከሚባለው የኦስትሪያ ጠመንጃ ስሙን የወረሰው፣ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የዋጋው ነገር በውል ውስጥ አስቀድሞ ካልተቈረጠ ጭቅጭቁ የሚመጣው ከአደጋው በኋላ፣ ጠመንጃው አመድ ከሆነ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ምን ማሳየት ይቻላል? ስለዚህ አስቀድሞ በገማች ማስገመት፣ ተራ ቁጥሩን መጻፍ፣ ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የፈቃዱንም ግልባጭ ከዚያው ቤት ሳይሆን ከሌላ ስፍራ ማኖር ይገባል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ማስረጃውም ከንብረቱ ጋር ይቃጠላል።

አረቦን እንዲቀንስለት ብሎ ዋጋውን ዝቅ የሚያደርግ ሰውም አለ። ለምሳሌ በቤቱ ያለው ዕቃ ሁሉ 60,000 ብር የሚያወጣ ሰው 30,000 ብር ብቻ ነው ብሎ መድን ቢገባና ከዕቃው 20,000 ብር የሚያወጣው ቢጠፋበት፣ የሚከፈለው 10,000 ብር ነው። መድን የገባው የዋጋውን ግማሽ ስለ ሆነ የጉዳቱንም ግማሽ ራሱ ይሸከማል። ይህ ደንብ ብዙ ሰው ያስለቅሳል፤ ግን ፍትሕ ነው፤ ለግማሽ ከፍሎ ሙሉውን መጠየቅ አይሆንምና።

በውጭ አገር፣ በተለይም ጠመንጃ መሰብሰብ እንደ ቴምብር መሰብሰብ በሚቈጠርባት በአሜሪካ፣ የተለመደው የቤት መድን ለተሰረቀ ጠመንጃ የሚከፍለው እስከ ተወሰነ ልክ ብቻ ነው፤ በተለመደው ውል ይህ ልክ ለረጅም ዘመን 2,500 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ከዚያ የሚበልጥ ያለው ሰው ጠመንጃዎቹን አንድ በአንድ በስማቸውና በዋጋቸው አስመዝግቦ ተጨማሪ አረቦን ይከፍላል። ለእኛም የሚሻለው ይኸው ይመስለኛል፤ በጠቅላላው «የቤት ዕቃ» በሚለው ቃል ላይ ከመተማመን መሣሪያው ተለይቶ እንዲጻፍ መጠየቅ። መድን ሰጪው አልፈልግም ቢል እንኳ እውነቱን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ጥይትና ባሩድ በቤት ውስጥ መኖሩንም መናገር ግዴታ ነው፤ የእሳቱን አደጋ ያከብደዋልና የደበቀ ሰው የቤቱን መድን ጭምር ሊያጣ ይችላል።

ነገር ግን መድን የማይነካቸው ነገሮች አሉ። በመድን ውሎች ውስጥ እንደ ተለመደው ጦርነት፣ የእርስ በርስ ውጊያና ዐመፅ ያደረሱት ጥፋት፣ መንግሥት የወረሰውም ንብረት ከመድኑ ውጭ ነው። ጐጃሜው ጠመንጃውን ያጣባቸውን ዘመናት ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሕዝቡን መሣሪያ ለማስፈታት ባደረገው ሙከራ የጐጃም ባላገር ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ፤ የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀም ዝናው የወጣው በዚያ ትግል ነው። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም ሞጣና ቢቸና በተነሡ ጊዜ፣ ግብሩ ዋናው ምክንያት ቢሆንም፣ መሣሪያ የማስመዝገቡ ነገር ከቅሬታዎቹ አንዱ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ ውስጥ የተነሣው ውጊያ ለዚህ አገር ሰው ምን እንዳመጣበት ማንም ያውቀዋል።

እንግዲህ የአባትዬው ሁለተኛ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚገኘው። መድን የሚጀምረው ከዝርዝር ነው፤ ባላገሩ ደግሞ ከእሳቱም ከሌባውም ይልቅ የሚፈራው ዝርዝርን ነው። ወጣት ሹም ሆኖ ወደ ገጠር የሚላክ ሰው ይህን ፍርሃት ድንቁርና ነው ብሎ እንዳያልፈው እለምናለሁ። ከታሪክ የተማሩት ነው። ፍርሃቱ የሚቀነሰው ያስመዘገበ ሰው በማስመዝገቡ እንዳልተጐዳ በዓይኑ ሲያይ ብቻ ነው፤ ይህም የኩባንያ ሳይሆን የአስተዳደር ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልመለስ። ከጠመንጃው መጥፋት የሚብሰው ጠመንጃው ሳይጠፋ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ጥይት እንደ ጐረሰ የተሰቀለ ጠመንጃ በልጅ እጅ ሲገባ የሚሆነውን መንገር አያሻም። በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፈለውን ካሣ የሚሸፍን የኃላፊነት መድን የሚባል አለ፤ የወንጀሉን ቅጣት ግን የትኛውም ኩባንያ አይቀበልልንም። ጥይቱን አውጥቶ በሌላ ሣጥን መቈለፍ ደግሞ አረቦን አይጠይቅም።

ወዳጄና አባቱ የተስማሙት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ቤልጅጉ በፈቃዱ ቁጥር ከቤቱ ዕቃ ጋር እንዲጻፍ አባት ፈቀዱ፤ ስለ ሁለቱ አሮጌዎች ግን «መጀመሪያ ከፖሊስ ጠይቅና ና» አሉት። እርሱም ለመጠየቂያው የእያንዳንዱን መለያ ምልክት ሊጽፍ ሲቀመጥ፣ አባትዬው ውጅግራውን ከምሰሶው አውርደው በጋቢያቸው ጠረጉትና በሰደፉ ላይ ያለችውን ጠባሳ አሳዩት። አያቱ ምን ሲያደርጉ እንደ ተፋጨች ያን ዕለት ገና መስማቱ ነበር፤ በወረቀቱም ጥግ ጻፈው።