ገንዘብ ቤት መስኮት ላይ የማይነገረው

መቀሌ ውስጥ የሆስፒታል ሂሳብ የምንሠራ ሰዎች ወረፋ ለሚጠብቅ አስታማሚ የማንነግረውን ነገር ሹክ ልበላችሁ። በትልቁ የዓይን ጉድጓድ ቀዶ ሕክምና ሂሳቡን የምንወስነው እኛ አይደለንም፤ ሐኪሙ ከኦፕሬሽን ክፍል ሲወጣ ካርዱ ላይ የሚጽፋት መስመር ናት።

“ዓይን ወጣ” የሚለው ጽሑፍ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ሊሸፍን ይችላል። ኢቪሰሬሽን የዓይኑን ውስጥ አውጥቶ ነጩን ልባስ ይተዋል፤ ኢኑክሊዬሽን የዓይኑን ኳስ በሙሉ ያወጣል። ኤግዘንትሬሽን ግን ከኳሱ ጋር ጡንቻውን፣ ስቡን፣ አንዳንዴም የዓይን ቆቡን አንስቶ እስከ አጥንት ይደርሳል፤ በአብዛኛው የሚደረገው ካንሰር ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ነው። አሜሪካኖች በሂሳብ ኮድ ኤግዘንትሬሽኑን ብቻውን ከሆነ 65110፣ አጥንት አብሮ ከተነሳ 65112፣ ጉድጓዱ በጡንቻ ከተሸፈነ 65114 ብለው ይለዩታል። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ “ሜጀር” ተብሎ ይታለፋል።

ችግሩ የሚመጣው መድህኑ ጋ ነው። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ለውበት የሚደረግ ሕክምናን አይከፍልም። ከክልተ አውላዕሎ የመጡ አንድ አባት ነበሩ፤ ወረዳቸው መድህኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነው። መዋጮአቸውን ከፍለዋል፣ ሪፈራላቸው በእጃቸው ነው። የኦፕሬሽን ማስታወሻው ግን “የፊት ቅርጽ ማስተካከል” ይላል። የክፍያ ጥያቄው ሳይከፈል ተመለሰ። ሐኪሙ ወረቀቱን መልሶ አይቶ “ካንሰሩ ከተነሳ በኋላ የተራቆተውን አጥንት ለመሸፈን” ብሎ የሠራውን በትክክል ሲጽፍ አለፈ። የተሠራው ሥራ ያው ነበር። እኚያ ሽማግሌ በዚያ መሃል ሊሸጡት ያሰቡት በሬያቸውን ነበር።

ሌላም አለ። ለሕመሙ የሚሰጠው ኮድ ካንሰሩ የጀመረበትን ቦታ እንጂ ቢላው የደረሰበትን አይከተልም። ጸሐይና ኤችአይቪ የሚያባብሱት የዓይኑን ነጭ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ካንሰር ጉድጓዱን በሙሉ ቢያስወጣም ኮዱ ሲ69.0 ነው፤ ከራሱ ከጉድጓዱ የጀመረው ሲ69.6፣ የሕፃናቱ የሬቲና ካንሰር ደግሞ ሲ69.2። ይህን የሚለየው ፓቶሎጂ፣ ማለትም የናሙናው ምርመራ ነው፤ ውጤቱ የሚደርሰው ግን ታካሚው ወጥቶ ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ ነው። ተመልሶ ካርዱን የሚያርም ከሌለ “እብጠት” እንደተባለ ይቀራል። ካንሰሩ ሪፖርት ውስጥ አይቆጠርም፣ ቀጣዩን ሕክምና የሚያዘው ሐኪምም ባዶ ካርድ ይዞ ይቀመጣል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በቆየው የትግራይ ጦርነት ብዙ ሰው ሕክምና በጊዜ አላገኘም፤ ስለዚህ ዛሬ በሽታው ከገፋ በኋላ የሚመጣን ታካሚ በትክክል መመዝገብ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የቤተሰባችሁ ሰው እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ካለው፣ ከመግባቱ በፊት የመድህን መታወቂያውንና ሪፈራሉን ካርድ ክፍል አስመዝግቡ። ሲወጣ የኦፕሬሽን ማስታወሻውን ቅጂ ጠይቁ፤ የተሠራው ሥራ በትክክለኛ ስሙ መጻፉን ሐኪሙ አንብቦ እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁት። ለፓቶሎጂው ውጤትም ተመለሱ። መብታችሁ ነው፤ መስኮቱ ላይ ያለነው እኛም ደስ ይለናል።