ሞተርን በርጭት ማቀዝቀዝ፦ የሜታኖል መርጫና የኤሌክትሪክ መስመሩ

ከበርበራ ወደብ ተነስቶ በሐርጌሳና በቶጎ ውጫሌ አድርጎ ጅግጅጋ የሚገባው፣ ከዚያም ካራማራን አቋርጦ ወደ ሐረር የሚቀጥለው መንገድ፣ ጭነት ተሸክሞ ለሚወጣ ሞተር ቀላል አይደለም። በርበራ ላይ በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ጅግጅጋ ደግሞ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ጋር ሲነጻጸር ወደ 83 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። ከጅግጅጋ በስተሰሜን ያለችውና ቀድሞ ተፈሪ በር ትባል የነበረችው አውበሬም ወደ ቦረማ በሚወስደው መስመር ላይ በመሆኗ፣ ሙቀት፣ አቧራና ከፍታ በአንድነት ሞተርን የሚፈትኑባት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ አካባቢ ሞተርን ከውስጥ ስለማቀዝቀዝ ሲወራ፣ በውድድር መኪኖች ዘንድ የታወቀው የውሃና የሜታኖል መርጫ መነሳቱ አይቀርም። መርጫው በመሠረቱ ቀላል መሣሪያ ቢሆንም፣ የሚታመነው የኤሌክትሪክ መስመሩ የታመነ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ሲበላሽም ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ስለሆነ፣ ከመግጠሙ ይልቅ ብልሽቱን የመፈለጉ ዕውቀት ይበልጣል።

ቱርቦ የሚባለው ክፍል በጭስ ማውጫው ጋዝ ኃይል እየተሽከረከረ አየርን አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ሲሆን፣ አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦው ተመሳሳይ ጉልበት ለመስጠት ይበልጥ ማመቅ ይኖርበታል፤ ሙቀቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። በቤንዚን ሞተር ላይ ይህ ሙቀት ከመጠን ሲያልፍ ነዳጁ በካንዴላው ከተለኮሰው እሳት ውጭ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል፤ መካኒኮች ሞተሩ አንኳኳ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ካልታረመም ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። በናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ዋናው ጉዳት የጭሱ ሙቀት ከልክ አልፎ ቱርቦውንና ባልቦላውን ማቃጠሉ ነው። ፈሳሹን ወደ ሞተሩ በሚገባው አየር ውስጥ የሚበትነው መርጫ የሚሠራው፣ የበረሃ አገር ሾፌሮች ከመኪናቸው ፊት በሸራ ከረጢት ያንጠለጠሉት ውሃ በነፋስ እየተነነ በሚቀዘቅዝበት ሕግ ነው፦ ፈሳሽ ወደ ትነት ሲለወጥ ሙቀትን ከአካባቢው ይወስዳል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ሲተን ወደ 2,250 ኪሎ ጁል፣ ሜታኖል ወደ 1,100፣ ቤንዚን ግን 350 ገደማ ብቻ ይወስዳል። ውሃ ብልጫ እያለው ሜታኖል የሚቀላቀለው፣ ሜታኖል በ65 ዲግሪ ስለሚፈላ ቶሎ ስለሚተን፣ መንኳኳትን አጥብቆ ስለሚቋቋምና ራሱም ነዳጅ በመሆኑ ነው፤ የተለመደው ቅልቅልም እኩል በእኩል ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች ኤምደብሊው 50 የተባለ፣ ግማሹ ሜታኖል የሆነ ቅልቅል ለአጭር ጊዜ ተጨማሪ ጉልበት ይረጩ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1958 ማብረር የጀመረው ዲሲ-6ቢ የተባለው አውሮፕላንም የሚነሳው፣ የውሃና የአልኮል ርጭት በሚጠቀሙት የፕራት ኤንድ ዊትኒ አር-2800 ሞተሮች ነበር። ለመኪና ግን ትልቁን ትምህርት የሰጠው ኦልድስሞቢል እ.ኤ.አ. በ1962 ለገበያ ያቀረበው ጄትፋየር የተባለ ባለ ቱርቦና ባለ መርጫ መኪና ነው፤ መሐንዲሶቹ ፈሳሹ ሲያልቅ የቱርቦውን ግፊት የሚገድብ መከላከያ ስለገጠሙለት፣ ፈሳሹን መሙላት የረሳ ባለቤት ጉልበቱን ያጣ ነበር እንጂ ሞተሩን አያጣም ነበር። ዛሬ በየጋራዡ የሚገጠሙ መርጫዎች ብዙዎቹ ይህን መከላከያ የሌላቸው መሆኑ በእውነቱ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

የመርጫው ዋና ክፍሎች የፈሳሽ ማጠራቀሚያ፣ ፈሳሹን ከ10 እስከ 17 ባር በሚደርስ ግፊት የሚገፋ ፓምፕ፣ ወደ ኋላ መመለስን የሚያግድ ቫልቭና በአየር ማስገቢያው ቱቦ ላይ የሚተከል ኖዝል ናቸው። ፓምፑ በሥራ ላይ እስከ 10 አምፔር ሊስብ ስለሚችል፣ ይህን ያህል ኤሌክትሪክ በትንሽ ማብሪያ ማሳለፍ ማብሪያውን ያቃጥላል፤ ስለዚህ በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማግኔታዊ ማብሪያ፣ ማለትም ሪሌ፣ በመካከል ይገባል። በሪሌው ሥር ከሚነበቡት ቁጥሮች 30 ከባትሪው በፊውዝ በኩል የሚመጣውን ይቀበላል፤ 87 ወደ ፓምፑ ይሄዳል፤ 85 እና 86 የማግኔቱ ጥቅልል ሁለት ጫፎች በመሆናቸው አንዱ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር ጋር፣ ሌላው ደግሞ ቱርቦው የተወሰነ ግፊት ሲደርስ መስመሩን በሚያገናኝ የግፊት ማብሪያ በኩል ከኔጋቲቭ ጋር ይያያዛሉ። የርጭቱን መጠን ከግፊቱ ጋር እያመጣጠነ የሚጨምር መቆጣጠሪያ ሲኖር ግን፣ እርሱ ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ ብዙ ጊዜ እየቆረጠ ስለሚልክ፣ በዚያ መስመር ላይ ሪሌ መግባት የለበትም። ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ መሆን አለበት፤ ፊውዝ በመጀመሪያ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ፣ ከፓምፑ አጠገብ ቢገባ ከባትሪ እስከ እርሱ ያለው ሽቦ ቦዲ ነክቶ ሲቃጠል ምንም ሊያደርግ አይችልም።

የሽቦው ውፍረት ብዙዎች የሚንቁት፣ ነገር ግን የብዙ ብልሽት ምንጭ የሆነ ጉዳይ ነው። 5 ሜትር ርዝመትና 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ 10 አምፔር ሲያሳልፍ 0.35 ቮልት ገደማ ብቻ ሲያባክን፣ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው ግን ከ1 ቮልት በላይ ይበላል፤ ፓምፑ ይዞራል፣ ድምፁም ይሰማል፣ ግፊቱ ግን ስለሚያንስ ፈሳሹ እንደ ጉም መበተኑ ቀርቶ ይንጠባጠባል። በዚህ ምክንያት ፓምፑ ሳይሠራ በቴስተር የሚነበብ 12 ቮልት ምንም አያረጋግጥም፤ ከአንድ ቀጭን ክር በቀር የተበጠሰ ሽቦም ጭነት ሳይኖርበት ሙሉ 12 ቮልት ያሳያልና። ትክክለኛው ምርመራ ፓምፑ እየሠራ ሳለ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በፓምፑ ፖዘቲቭ ላይ አድርጎ መለካት ነው፤ ንባቡ ከ0.5 ቮልት ከበለጠ ጥፋቱ በመካከል ባለው ሽቦ ወይም ከመጋጠሚያዎቹ በአንዱ አለ። ቀጥሎ ከፓምፑ ኔጋቲቭ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ሲለካ ከ0.2 ቮልት ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀለም ወይም ዝገት ባለበት ቦዲ ላይ የታሰረ ቡሎን ነው።

ፓምፑ ጨርሶ ዝም ካለ፣ ፊውዙን፣ ከዚያ በ30 ላይ ኤሌክትሪክ መኖሩን፣ ከዚያ የጥቅልሉን ሁለት ጫፎች በቅደም ተከተል መፈተሽ ይገባል፤ ሪሌው ጠቅ እያለ በ87 ላይ ምንም ካልተገኘ የውስጥ ነጥቦቹ ተቃጥለዋል። 30 እና 87 በአጭር ሽቦ ሲገናኙ ፓምፑ ከተነሳ፣ ፓምፑና መስመሩ ደህና ናቸው ማለት ነው። ይህ ሙከራ ከመደረጉ በፊት ግን ኖዝሉ ከአየር ቱቦው ወጥቶ በዕቃ ውስጥ እንዲረጭ መደረግ አለበት፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ሲሊንደር ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ስለማይታመቅ፣ ሞተሩ ሲነሳ ፒስተኑን የያዘውን ዘንግ ያጎብጠዋል። በኮረኮንች መንገድ ላይ ብቻ ብቅ ጥልቅ የሚል ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ በናስትሮ የተጠቀለለ፣ በተርሚናል ያልተጨመቀ መጋጠሚያ ነው። ሞተሩ ያለ ጋዝ ሲሠራ ከተንገዳገደ ደግሞ ምክንያቱ ኤሌክትሪክ ላይሆን ይችላል፤ የመመለሻ ማገጃው ቫልቭ ላልቶ ሞተሩ ፈሳሹን ራሱ እየሳበው ይሆናል። የጉድጓድ ውሃ በጨዋማነቱ ኖዝሉን ስለሚደፍን፣ የተጣራ ውሃ እንጂ ሌላ አይገባበትም።

የጭነት መኪኖች ብዙዎቹ ሁለት ባትሪ በተከታታይ አያይዘው በ24 ቮልት ስለሚሠሩ፣ 12 ቮልት ፓምፕ በቀጥታ ቢያያዝባቸው ይቃጠላል። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ መውሰድም መፍትሔ አይደለም፤ አንዱ ሁልጊዜ ጎድሎ ሌላው ከልክ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ያለ ጊዜያቸው ይሞታሉ። ለ24 ቮልት የተሠራ ፓምፕ ወይም ቮልቴጁን የሚቀንስ መሣሪያ ያስፈልጋል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉትን ሞተሮች ጠብቆ ማቆየት የግድ ነው፤ ነገር ግን ራዲያተሩ የቆሸሸ፣ የአየር ማጣሪያው በአቧራ የታፈነ፣ ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር የሚያስተነፍስበት መኪና መርጫ አያስፈልገውም፤ መጀመሪያ እነዚህ ይታረሙለት። ይህ ከተደረገ በኋላም ርጭት የሚፈልግ ካለ፣ ከሜታኖል ይልቅ ኤታኖልን ማሰብ ይሻላል፤ ኤታኖል ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ እየወጣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በመጀመሪያ በ5 በመቶ፣ ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል የነበረ፣ የማቀዝቀዝ ኃይሉም ከሜታኖል አንድ አምስተኛ ያህል የሚያንስ አልኮል ነው።

ሜታኖልን ለመጠቀም የቆረጠ ሰው ደግሞ የእሳቱ ነበልባል በፀሐይ ብርሃን እንደማይታይ፣ 10 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢጠጣ ዓይን ሊያሳውር፣ 30 ሚሊ ሊትር ሊገድል እንደሚችል ማወቅ አለበት። በጅግጅጋና በአውበሬ ቤተሰብ የሚጠጣው ውሃ የሚቀዳው በቢጫ ጀሪካን በመሆኑ፣ ሜታኖል በዚህ ዓይነት ዕቃ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ በሌላ ቀለም ዕቃ ተደርጎ፣ መርዝ መሆኑ በአማርኛና በሶማልኛ ተጽፎበት፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቆለፍበት።