ብዙ ሆኖ የመኖር ጭንቀት

የአዋሽ ወንዝ በቆቃ ተገድቦ፣ ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የጅሌ ኦሮሞ ከብቶች ይሰማሩበት የነበረው ሜዳ ከውሃ በታች ቀረ። ለግድቡ፣ ከዚያም ቀደም ብሎ በ1946 ዓ.ም. ለተከፈተው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ እንጀራ ፍለጋ ከየአውራጃው የጎረፈው ሕዝብ ቋንቋውንና ታቦቱን ብቻ ሳይሆን ዛሩንና ውቃቢውንም ይዞ ስለ መጣ፣ እነዚህ እንግዳ መናፍስት የአገሩ ኦሮሞ አያና ከሚለው መንፈስ ጋር ጎረቤት ሆነው ኖሩ። ስለዚህም ከሞጆ እስከ አዳማ ባሉት ከተሞች አንዲት ሴት ድንገት ድምፅዋ ጎርንኖ እንደ ወታደር ብትፎክር፣ ጥቂት ቆይታም እንደ ሕፃን ብታለቅስ፣ ስትነቃም ያደረገችውን ሁሉ አላውቅም ብትል፣ ሰፈሩ ደንግጦ አይበተንም፤ «ወረደባት» ይላል፣ ዕጣንም ያጨሳል። ሰፈሩ ብዙ ጊዜ የማያየው፣ እኔ ግን ይህን መጣጥፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ፣ የወረደባት ሴት ብቻዋን ስትሆን የሚይዛት ፍርሀት ነው፤ መቼ እንደሚመጣባት፣ ማን እንደሚመጣባት፣ በልጆችዋ ፊት ምን እንደምትናገር፣ ትናንት ከቀትር እስከ ማታ የት እንደ ዋለች ሳታውቅ የምትኖርበት የማያቋርጥ ሥጋት።

ስለ ዛር ሰፊ ምስክርነት ትተውልን ካለፉት አንዱ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ነው። በማርሴል ግሪዮል ከተመራው የዳካር-ጅቡቲ የጥናት ተልእኮ ጋር መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር ሲቀመጥ፣ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጎሙለት፣ መልካም አያሁ የተባሉትን ስመ ጥር ባለዛር ቀንና ሌሊት ይከታተል ነበር። እኒህ ሴት አንድ ጊዜ አባ ዮሴፍ የሚባል ጸሎተኛ፣ ሌላ ጊዜ ጫንቂት የምትባል ገረድ ሆነው ይታዩ ነበር፤ እያንዳንዱም የየራሱ አነጋገር፣ ምግባርና ፈቃድ ነበረው። ሌሪስ ይህን ሁሉ አሰላስሎ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዛር ውስጥ ከቲያትር ጋር የሚዛመድ ነገር እንዳለ ተናገረ፤ ቲያትር ማለቱ ግን ማታለል ማለቱ አልነበረም፣ ተጫዋቹ ራሱ በሚጫወተው ነገር የሚኖርበት እንደ ሆነ ጽፏልና። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ሳይሞን ሜሲንግ የዛሩን ማኅበር እንደ ቡድን ሕክምና አድርጎ ተረጎመው፤ ታማሚዋ ዕድሜዋን ሁሉ ከማኅበሩ አትለይም፣ ብቻዋን የነበረችውም ከመሰሎችዋ ጋር በአንድ ረከቦት ዙሪያ ትቀመጣለች።

የባለዛሩን ቤት ሥርዐት ልብ ብለን ብንመለከተው፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ከበሮው ከተመታና ታማሚዋ በጉሪ አንገቷን ካወዛወዘች በኋላ የሚቀርበው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ማን ነህ? ምንስ ትሻለህ? የመጣው ስሙን ይናገራል፣ ቀለበት ወይም ቀሚስ ወይም ገብስማ ዶሮ ይጠይቃል፣ ድርድሩም ይከተላል። ይህ ድርድር ብዙ ጊዜ ድኻን እንደሚያራቁት፣ ተንኰለኛ ባለዛርም በሕሙማን ጭንቀት እንደሚነግድ አይካድም፤ ነገር ግን በዓመታት ዝምታ ውስጥ የኖረች ሴት በስሟም ባይሆን በሌላ ስም የሚያደምጣት ጆሮ ያገኘችው በዚያ ቤት ነበርና፣ ይህን እውነት አቃልሎ ማለፍ ጽድቅ አይመስለኝም።

በምዕራቡ ዓለም ሕክምና ደግሞ ይህ በአንድ ገላ ብዙ ሆኖ መኖር ረጅም ክርክር ያለበት ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1980 «ብዙ ስብእና» ብሎ መዘገበው፤ በ1994 ስያሜው ተለወጠ፤ በ2013 በወጣው አምስተኛ እትም ግን ለእኛ አገር ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ተጨመረ። ማንነቱ የሚለዋወጠው በመንፈስ መያዝ መልክ ሊሆን እንደሚችል ተጻፈ፤ በሕዝቡ ሃይማኖት ወይም ልማድ ተቀባይነት ያገኘ መለዋወጥ ግን በራሱ ደዌ እንዳልሆነ ተወሰነ። ደዌ የሚባለው ያልተፈለገ፣ የሚያስጨንቅ፣ ሥራንና ኑሮን የሚያፈርስ ሲሆን ነው። እንግዲህ በአንድ ገላ የሚያድሩት ብዙ መሆናቸው ብቻውን የሐኪም ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪሙ ሊያክመው የሚገባው ፍርሀቱንና ስቃዩን ነው። የዚህ ጸሓፊ አሳብም ከዚሁ ላይ ይቆማል።

ፍርሀቱ ከየት ይመጣል? አብዛኞቹ የሙያው ሰዎች እንደሚሉት፣ የዚህ መከፋፈል ሥር በሕፃንነት ከደረሰ ተደጋጋሚና ከባድ በደል ጋር የተያያዘ ነው፤ ልጅ ሊሸከመው ያልቻለውን መከራ ልቡናው ለብቻው ከፍሎ ያኖረዋል፣ ያም የተከፈለው ክፍል ኋላ የራሱን ስምና ድምፅ ይዞ ይነሣል። የመከራው ክፍል ሲነሣ አብሮት የሚነሣው የዚያ ዘመን ድንጋጤ ስለሆነ፣ የሠላሳ ዓመት ሴት በገዛ ቤትዋ ተቀምጣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆና ትንቀጠቀጣለች፤ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ይቀዘቅዛል። ለመከፋፈሉ ለራሱ ተለይቶ የተገኘ መድኃኒት የለም፤ ለጭንቀቱና ለሐዘኑ ግን አለ። ፈረንሳዊው ፒየር ዣኔ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እንዳመለከተው፣ ዛሬም ሐኪሞች እንደሚከተሉት፣ ሥራው በደረጃ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ሰውዬው እንዲረጋጋና ከአደጋ እንዲጠበቅ ይደረጋል፣ ያ ከጸና በኋላ ብቻ ያለፈው መከራ በቀስታ ይነካል። ያልጸናን ሰው «ተናገር፣ ሁሉንም አውጣ» ብሎ ማስጨነቅ ቁስሉን መቅደድ ነው።

ለመጽናት የሚረዳው ነገር በገንዘብ የሚገዛ አይደለም። ድንጋጤው ሲመጣ እግርን ባዶ አድርጎ አፈሩን መርገጥ፣ ፊትን በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ፣ በዓይን የሚታየውን ነገር አንድ በአንድ በስሙ መጥራት፣ ትንፋሽን ከማስገባቱ ይልቅ ማስወጣቱን ማርዘም፣ ዕለቱንና ዓመቱን፣ ያሉበትንም ስፍራ ጮክ ብሎ መናገር፤ እነዚህ ሁሉ ያለፈውን ካለንበት ይለያሉ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ሁሉ አንድ ደብተር ይኑረው፤ የሚመጣው ክፍል የሚጽፍበት፣ የሚነቃውም የሚያነብበት፣ የጠፉትም ሰዓታት የሚመዘገቡበት። እንቅልፍን መጠበቅ ግድ ነው። ከጫትና ከአረቄ መራቅም እንደዚሁ፤ ወዳጃ በሚባለው የጸሎት ማኅበር ጫት የማይቀር በሆነበት አገር ይህን ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ነገር ግን ጫት እንቅልፍን ነሥቶ ልብን ያስደነግጣልና አልተወውም። ቤተ ሰቡም የመጣውን ድምፅ ሊሳደብ፣ ሊያስፈራራ፣ ለመዝናናትም ሊጠራው አይገባም፤ ለስለስ ባለ ቃል «አሁን ከእኛ ጋር ነሽ፣ ማንም አይነካሽም» ማለት ከብዙ ጩኸት ይበልጣል።

የቆቃ ሰው ግን ወደ ሐኪም ከመሄዱ በፊት ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ወይም ወደ ዝቋላ አቦ ይወጣል፤ ሌላውም ሕዝቡ እንደ ቅድስት የሚያከብራቸው እሞ ሞሚና ወደ ኖሩባት ወደ አርሲዋ ፈረቃሳ ይጓዛል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድነት። በቤተ ክርስቲያን ዛር ከአጋንንት ወገን የሚቆጠር ስለሆነ፣ በጠበሉ ስፍራ የሚሆነው ድርድር ሳይሆን ማስለፍለፍና ማስወጣት ነው። ምእመኑ በጠበል ጽናትን ሲያገኝ ማየት የሚያስደስት ነገር ነው፤ ሕሙሙን በሰንሰለት ማሰር፣ መግረፍና መድኃኒት ማስጣል ግን ከወንጌሉ ርኅራኄ ጋር ሊታረቅ አይችልም። መንገዱም አስቀድሞ ተጠርጓል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው እንዲጠቀሙ መክረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናትም በኢትዮጵያ ካህናትና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በጠበል ስፍራ ተባብረው ሲሠሩ አሳይቷል። ለቫይረሱ የተፈቀደው አንድነት ለልቡና ሕማም የማይፈቀድበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሐኪሙ በኩል ደግሞ የቆቃ አገር የራሱ ጥንቃቄ አለው። ከግድቡ ሐይቅ አጠገብ ያሉ መንደሮች ራቅ ካሉት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ በጥናት ታይቷል፤ የወባ ትኩሳት ወደ አንጎል ሲወጣ ሰውን ያስቃዣል፣ የሚጥል በሽታም ራስን የሚያስት ነገር ነውና፣ የጤና ጣቢያው ባለሙያ «ዛር ነው» ወይም «ዕብደት ነው» ከማለቱ በፊት ደሙን መመርመር፣ መንቀጥቀጡ እንዴት እንደ ጀመረም መጠየቅ አለበት። ለረጅም ዘመን ለአገሪቱ ሁሉ ብቸኛ ሆኖ የኖረው የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በአገር ውስጥ መሠልጠን ከጀመሩ ወዲህ ሙያው ወደ ክፍላተ ሀገርም መውረድ ጀምሯል። ከቆቃ ወደ አዳማ የሚወስደው መንገድም አጭር ነው። በዚህ መንገድ የምትመጣውን ሴት የሚቀበላት ባለሙያ፣ መዝገቡን ከፍቶ ደዌዋን ከመሰየሙ በፊት፣ ባለዛሩ የሚጠይቀውን ያንኑ ጥያቄ ያለ ከበሮና ያለ ዶሮ ይጠይቃት፤ ከዚያም የምትፈራው ምን እንደ ሆነ፣ ፍርሀቱም በየትኛው ሰዓት እንደሚብስባት ያድምጥ።