ማንዳላ፦ በዓይነ ልቦና የሚገባበት ቤተ መንግሥት

ማንዳላ በሂንዱና በቡድሃ እምነት ተከታዮች ዘንድ ለጸሎትና ለተመስጦ የሚያገለግል፣ ከአንድ ማዕከል ተነሥቶ በክብና በአራት ማዕዘን ቅርጾች ወደ ውጭ የሚሰፋ ቅዱስ ሥዕል ነው። በጨርቅና በግድግዳ ላይ ይሣላል፤ ከእንጨትና ከብረትም ይሠራል። ዓለም ይበልጥ የሚያውቀው ግን የቲቤት መነኮሳት በባለ ቀለም አሸዋ የሚሠሩትን ነው። ውበቱ ዓይንን ስለሚይዝ ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ይመለከተዋል። ለቡድሃ እምነት ተከታዩ ግን ከላይ ሆኖ የታየ የቤተ መንግሥት ፕላን ነው፤ የሚያየውም በአሳቡ ሊገባበት ነው።

መግቢያው ከውጭ ይጀምራል። የመጀመሪያው ቀለበት የእሳት ነበልባል ነው፤ አላዋቂነትን ያቃጥላል፣ ያልተዘጋጀውንም ከደጅ ይመልሳል። ቀጥሎ የማይሰበር ጽናት ምልክት የሆነው ቫጅራ የተባለው ንዋየ ቅዱስ በተርታ የተደረደረበት አጥር ይመጣል። ከዚያ ከጭቃ በቅሎ ንጹሕ ሆኖ የሚያብበው የሎተስ አበባ አለ። እነዚህን ያለፈ ሰው በአራቱም አቅጣጫ በር ካለው ባለ አራት ማዕዘን ቤተ መንግሥት ፊት ይቆማል።

በውስጡ የሚኖሩት ቡድሃዎች ቦታቸውና ቀለማቸው የተወሰነ ነው። አቀማመጡ እንደየትምህርቱ ቢለያይም፣ በሰፊው በሚታወቀው ሥርዓት ነጩ ቫይሮቻና መካከሉን፣ ሰማያዊው አክሾብያ ምሥራቅን፣ ቢጫው ራትናሳምባቫ ደቡብን፣ ቀዩ አሚታባ ምዕራብን፣ አረንጓዴው አሞጋሲዲ ሰሜንን ይይዛሉ። እያንዳንዳቸው ከአንድ የሰው ልጅ ድካም ጋር ይያያዛሉ፤ ድካሞቹም በቅደም ተከተል አላዋቂነት፣ ቁጣ፣ ትዕቢት፣ ምኞትና ቅናት ናቸው። የማንዳላ ትምህርት ጥልቀቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ድካሞቹ ተነቅለው እንዲጣሉ አይጠየቅም፤ ወደ ጥበብ እንዲለወጡ እንጂ። ቁጣ ሲጠራ ነገርን እንደ መስታወት ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ማስተዋል ይሆናል። ትዕቢትም ሁሉን በእኩል ዓይን ወደሚያይ ልብ ይለወጣል።

ይህ ለውጥ ሥዕሉን በማየት ብቻ አይመጣም። ተማሪው አስቀድሞ ወደ ማንዳላው የሚያስገባውን ሥርዓት ከመምህሩ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ በተመስጦ ተቀምጦ በሮቹን፣ ግድግዳዎቹን፣ የቡድሃዎቹን መልክና በእጃቸው የያዙትን ሳይቀር በልቡ ይገነባል፤ ራሱንም በማዕከሉ ባለው ቡድሃ መልክ ያስባል። ሲጨርስ የገነባውን ሁሉ ከዳር ወደ መካከል እየሰበሰበ ያከስመዋል። በራሱ ጸንቶ የሚቆም ነገር የለም የሚለውን ትምህርት በጆሮው ሰምቶ እንዳይቀር፣ እየደጋገመ በአሳቡ ይለማመደዋል።

የአሸዋ ማንዳላ ይህንኑ በሰው ፊት ይፈጽመዋል። መነኮሳቱ መጀመሪያ በክርና በጠመኔ መስመር ያወጣሉ። ቀጥሎም ተፈጭቶ የተቀለመውን ድንጋይ ቻክፑር በሚሉት ሾጣጣ የብረት ቱቦ ይሞላሉ፤ የቱቦውን ጥርሶች በሌላ ብረት ሲፈገፍጉ በንዝረቱ አሸዋው ጠብ ጠብ ይላል። ሥራው ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር ይሰፋል። 722 መለኮታዊ አካላትን የያዘው የካላቻክራ ማንዳላ ለብዙ ቀናት ጎንበስ ብሎ መሥራትን ይጠይቃል። ከተጠናቀቀ በኋላ ግን ጸሎት ተደርጎ ይጠረጋል። ጥቂቱ አሸዋ ለተገኙት ይታደላል፤ የቀረው በረከቱ ለፍጥረት ሁሉ እንዲደርስ ወራጅ ውሃ ላይ ይፈስሳል። ይህን እንደ ብክነት ማየት ስሕተት ነው፤ ሁሉም ኃላፊ መሆኑ የሚመሰከረው በዚህ ሰዓት ስለሆነ፣ ሳይጠረግ የቀረ ማንዳላ ሥርዓቱ ጎዶሎ ነው። መቀመጫቸውን ሕንድ ዳራምሳላ ያደረጉት የናምግያል ገዳም መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1988 በኒው ዮርክ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የካላቻክራን ማንዳላ በሕዝብ ፊት ሠርተዋል።

ማንዳላ የቲቤት ብቻ አይደለም። ጃፓናዊው መነኩሴ ኩካይ እ.ኤ.አ. በ804 ወደ ቻይና ተሻግሮ፣ በ806 ሲመለስ የማኅፀን ዓለምና የአልማዝ ዓለም የሚባሉትን ጥንድ ማንዳላዎች ይዞ ገባ። እርሱ በመሠረተው የሺንጎን ሥርዓት፣ ዓይኑ የተሸፈነ ሰው ማንዳላው ላይ አበባ ይጥላል፤ አበባው ካረፈበት ቡድሃ ጋርም ልዩ ዝምድና ይኖረዋል። በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት ያለው የቦሮቡዱር መቅደስ ደግሞ ብዙ ሊቃውንት በድንጋይ የታነጸ ማንዳላ ነው የሚሉት ሲሆን፣ ተሳላሚው ደረጃ በደረጃ እየዞረ ይወጣዋል። ሂንዱዎችም ዘጠኝ ሦስት ማዕዘኖች የተጠላለፉበትን ሽሪ ያንትራ ለአምልኮ ይጠቀሙበታል።

በምዕራቡ ዓለም ማንዳላን ወደ ሥነ ልቦና ያስገባው ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ካርል ዩንግ ነው። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1916 ከሣለ በኋላ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ በየማለዳው ትንንሽ ክቦችን እየነደፈ የውስጡን ሁኔታ ይከታተል ነበር፤ ክቡንም የሰው ሙሉ ማንነት ምልክት አድርጎ ተረጎመው። ዛሬ ለመዝናኛ የሚቀለሙ የማንዳላ መጻሕፍት በየቦታው ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በ84 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ማንዳላ መቀለም ጭንቀትን እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ነገር ግን ተራ መስቀለኛ መስመሮችን የቀለሙትም እኩል ተረጋግተዋል። መቀለሙ እረፍት ይሰጣል። መነኮሳቱ ከማንዳላ የሚፈልጉት የልብ ለውጥ ግን ያለ መምህርና ያለ ረጅም ልምምድ አይገኝም።