አርባ ስም የሚይዝ መዝገብ፤ የአሜሪካ የቤዝቦል ክለቦች በብርድ ወራት ተጫዋቾችን ስለሚይዙበትና ስለሚለቁበት አሠራር

ማናቸውም ነጋዴ የዓመቱን ሒሳብ ዘግቶ በመጋዘኑ ያለውን ዕቃ በሚቈጥርበት ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። በመደርደሪያው ላይ ሊቈይ የሚገባው የትኛው ነው? ዋጋው ሳይወድቅ መሸጥ የሚገባው የትኛው ነው? ዛሬ ገዢ ባይኖረውም ነገ ተፈላጊ ስለሚሆን ቦታ ተፈልጎለት መቀመጥ የሚገባው የትኛው ነው? በሰሜን አሜሪካ ቤዝቦል የተባለውን ጨዋታ በሙያ የሚያካሂዱ ክለቦችም በየዓመቱ በብርድ ወራት ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። በእነርሱ መዝገብ ላይ የሚቈጠረው ግን የሰው ችሎታ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ከዕቃ ቈጠራ ይልቅ እጅግ የረቀቀ ነው፤ ስሕተቱም ከብዙ ዓመት በኋላ ብቻ የሚታይበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቤዝቦል ዘጠኝ ዘጠኝ ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች የሚጋጠሙበት ጨዋታ ነው። አንዱ ወገን ኳስ ይወረውራል፤ የሌላው ወገን ተጫዋች ኳሱን በእንጨት ዱላ መትቶ በሜዳው ላይ የተመለከቱትን አራት ማረፊያዎች ዞሮ ከተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። በታላቁ ሊግ 30 ክለቦች አሉ፤ እያንዳንዱም ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ድረስ 162 ግጥሚያዎች ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ብልጫ ያገኙት ተለይተው ይጋጠሙና፥ ወርልድ ሲሪስ በሚባለው የመጨረሻ ውድድር የዓመቱ አሸናፊ ይታወቃል። ይህ ካለፈ በኋላ እስከ ፌብሩዋሪ ድረስ ሜዳው ጸጥ ይላል፤ የክለቦቹ ጽሕፈት ቤቶች ግን ከፍ ያለ ሥራ የሚበዛባቸው በዚሁ ጊዜ ነው።

የመዝገቡ ደንብ

እያንዳንዱ ክለብ ከ40 የማይበልጡ ተጫዋቾችን ስም የያዘ አንድ ዋና መዝገብ አለው። ከነዚህም ውስጥ ለየዕለቱ ግጥሚያ የሚዘጋጁት ከ2020 ጀምሮ 26 ናቸው። ከዚህ በታች ደግሞ ክለቡ ወጣቶችን የሚያሠለጥንባቸው ታናናሽ ቡድኖች አሉት፤ ከ2021 ወዲህ ለያንዳንዱ ክለብ አራት እንዲህ ያሉ ዋና ዋና ቡድኖች ተመድበውለታል። እንግዲህ አርባው ስም መደርደሪያው፥ ታናናሾቹ ቡድኖች መጋዘኑ ናቸው ለማለት ይቻላል።

የወጣቶቹ ዋጋ ከፍ ያለበት ምክንያት ከደመወዙ ደንብ የመጣ ነው። አንድ ተጫዋች በታላቁ ሊግ በሚያገለግልባቸው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ የሚከፈለው ደመወዝ ከዝቅተኛው መጠን ብዙም አይርቅም፤ ይህም መጠን በ2024 ዓ.ም. 740,000 ዶላር ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ከክለቡ ጋር በደመወዝ ካልተስማማ ጉዳዩን ለግልግል ዳኞች ማቅረብ ይችላል። ስድስት ዓመት ሲሞላው ነጻ ይሆንና ከፈለገው ክለብ ጋር ይዋዋላል። ስመ ጥር ለሆነ ነጻ ተጫዋች የሚከፈለው በዓመት ሃያና ሠላሳ ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ ስለሚችል፥ ራሱ ያሳደገው ጎበዝ ወጣት ያለው ክለብ ያንኑ አገልግሎት በጥቂት ገንዘብ ያገኛል ማለት ነው። ካፒታሉ አነስተኛ የሆነ ክለብ ከባለጸጎቹ ጋር ለመፎካከር ያለው መንገድ ከዚህ ብዙም አያልፍም።

ይሁን እንጂ አንድ ክለብ ወጣቶችን እንደ ልቡ ሰብስቦ በመጋዘን ማቈየት አይፈቀድለትም። ደንብ ቍጥር 5 ተብሎ በሚታወቀው ሕግ መሠረት፥ በ18 ዓመቱ ወይም ከዚያ በፊት የፈረመ ወጣት አምስት የጨዋታ ዘመን፥ በ19 ዓመቱ ወይም ከዚያ በኋላ የፈረመ ደግሞ አራት የጨዋታ ዘመን ሲሞላው፥ ክለቡ ስሙን ከአርባው መካከል ማስገባት አለበት። የማስገቢያው ቀን በኖቬምበር ወር ያልፋል። ስሙ ያልገባውን ወጣት በዴሴምበር በሚደረገው ምርጫ ላይ ሌላ ክለብ 100,000 ዶላር ከፍሎ ሊወስደው ይችላል። ወሳጁም ክለብ ግዴታ አለበት፤ ወጣቱን እስከሚመጣው የጨዋታ ዘመን ፍጻሜ ድረስ በታላቁ ሊግ ቡድኑ ውስጥ መያዝ፥ ይህን ካልቻለ ግን በ50,000 ዶላር መልሶ እንዲወስደው ለቀድሞው ክለብ ማቅረብ አለበት።

እንግዲያው ሁሉንም ወጣቶች በመዝገቡ ማስገባት አይሻልምን? አይሻልም፤ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ አዲስ ስም አንድ የቈየ ስም መውጣት አለበት። የወጣውም ተጫዋች ወዲያውኑ ለሌሎች ክለቦች ይቀርባል፤ የፈለገው ክለብ ያነሣዋል። ከዚህም በቀር ስሙ ከአርባው የገባ ወጣት በነጻ ወደ ታናናሾቹ ቡድኖች ሊመለስ የሚችለው በሦስት የጨዋታ ዘመናት ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወይ በታላቁ ቡድን ይሰለፋል፥ ወይ ለሌሎች ይቀርባል። ስለዚህ ወጣቱን ያለ ጊዜው መመዝገብ እንደ ኪሣራ፥ መመዝገብንም ማዘግየት እንደ ኪሣራ የሚቈጠርበት ጊዜ አለ። በኖቬምበር ወር የክለብ ሥራ አስኪያጆችን እንቅልፍ የሚነሣቸው አርባ አንደኛው ሰው ነው።

የብሩክሊን ክለብ በ1954 ዓ.ም. ያጣው ወጣት

የዚህ ዐይነቱ ስሕተት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለመረዳት፥ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ምሳሌ የሮቤርቶ ክሌሜንቴ ታሪክ ነው። ክሌሜንቴ በ1934 ዓ.ም. በፖርቶ ሪኮ ደሴት ተወለደ። በፌብሩዋሪ 1954 ዓ.ም. የኒው ዮርኩ የብሩክሊን ዶጀርስ ክለብ 10,000 ዶላር የፊርማ ገንዘብና 5,000 ዶላር የዓመት ደመወዝ ቈርጦለት አስፈረመው። በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ፥ ከ4,000 ዶላር በላይ የፊርማ ገንዘብ የተቀበለ አዲስ ተጫዋች በታላቁ ቡድን ካልተያዘ፥ በዓመቱ መጨረሻ ሌላ ክለብ ሊመርጠው ይችል ነበር።

የብሩክሊን ክለብ ልምድ ባላቸው ተጫዋቾች የበለጸገ ስለ ነበረ፥ ወጣቱን በካናዳ አገር ሞንትሪያል ወደ ነበረው ታናሽ ቡድኑ ላከው። በዚያም ዓመት ክሌሜንቴ የተሰለፈው በ87 ግጥሚያዎች ብቻ ነው፤ በብዙዎቹም ጥቂት ጊዜ ብቻ ዱላ ያዘ። ያስመዘገበውን ቍጥር ብቻ የተመለከተ ሰው ይህን ያህል የሚያስደንቅ ነገር አላገኘበትም።

የፒትስበርግ ፓይረትስ ክለብ በዚያ ዓመት ከሊጉ መጨረሻ ስለ ወጣ፥ በምርጫው የመጀመሪያውን ተራ አገኘ። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ብራንች ሪኪ ቀደም ሲል የብሩክሊንን ክለብ ይመሩ የነበሩ ሰው ናቸው። የእርሳቸው ረዳት የነበሩት ሚስተር ክላይድ ሱክፎርዝ፥ ጆ ብላክ የተባለውን ሌላ የሞንትሪያል ኳስ ወርዋሪ ለማየት ሄደው ሳሉ፥ ከግጥሚያው በፊት በሚደረገው ማሟሟቂያ ክሌሜንቴ ከሩቅ ሜዳ ኳስ ሲወረውር ተመለከቱ። በዚያው ቀን የሄዱበትን ጉዳይ ትተው ወጣቱን ይከታተሉ ጀመር። በኖቬምበር 22 ቀን 1954 ዓ.ም. የፒትስበርግ ክለብ 4,000 ዶላር ከፍሎ ክሌሜንቴን ወሰደ። ብሩክሊን ለፊርማ ብቻ ካወጣው ከግማሽ ያነሰ ገንዘብ መሆኑ ነው።

ቀጥሎ የሆነው ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በሚመጣው ዓመት፥ በ1955 ዓ.ም.፥ የብሩክሊን ክለብ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወርልድ ሲሪስን አሸነፈ፤ ፒትስበርግ ግን እንደ ገና ከመጨረሻው ተራ ተገኘ። በዚያን ዕለት ሒሳቡን ላየ ሰው ብሩክሊን አንዳች የጐደለበት ነገር የለም። የጐደለው የታየው እየቈየ ነው። ክሌሜንቴ በፒትስበርግ 18 የጨዋታ ዘመን ተጫወተ፤ በ1960 እና በ1971 ዓ.ም. ክለቡን ለወርልድ ሲሪስ ድል አበቃ፤ አራት ጊዜ የሊጉ የመቺዎች አንደኛ ሆነ፤ በ1966 ዓ.ም. የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ፤ በጠቅላላውም 3,000 ጊዜ ኳስ መትቶ ማረፊያ ደረሰ። በዴሴምበር 31 ቀን 1972 ዓ.ም. በኒካራጓ በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጐዱት ሰዎች እርዳታ ጭኖ ሲሄድ የነበረበት አውሮፕላን ወድቆ ሞተ።

የኦክላንድ ክለብ በ2001 ዓ.ም. መጨረሻ

በክሌሜንቴ ዘመን አንድ ክለብ የያዘውን ተጫዋች እስከፈለገ ድረስ ማቈየት ይችል ነበር። በዴሴምበር 1975 ዓ.ም. በተሰጠው የግልግል ዳኛ ውሳኔ ይህ መብት ከተሻረ ወዲህ ግን፥ ክለቦች ያላቸውን ማጣት የሚመጣባቸው በሌላ በር ሆነ። ውላቸው ያለቀ ታላላቅ ተጫዋቾች ባለጸጋ ወደ ሆነው ክለብ ይሄዳሉ።

በ2001 ዓ.ም. የካሊፎርኒያው የኦክላንድ አትሌቲክስ ክለብ 102 ግጥሚያዎች ካሸነፈ በኋላ በብርድ ወራት ሦስት ዋና ዋና ሰዎችን በአንድ ጊዜ አጣ። ጄሰን ጂያምቢ ለሰባት ዓመት በ120 ሚሊዮን ዶላር ወደ ኒው ዮርክ ያንኪስ፥ ጆኒ ዴመን ለአራት ዓመት በ31 ሚሊዮን ዶላር ወደ ቦስተን፥ ጄሰን ኢስሪንግሀውሰን ወደ ሴይንት ሉዊስ ሄዱ። የኦክላንድ ጠቅላላ የደመወዝ በጀት በሚመጣው ዓመት ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፥ የያንኪስ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነበር።

የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ቢሊ ቢን የሄደውን ሰው የሚመስል ሰው ከመፈለግ ይልቅ፥ ገበያው በዋጋው ያላወቀውን ችሎታ ፈለጉ። በዚያን ጊዜ ክለቦች አብዝተው የሚከፍሉት ኳስን በኀይል ለሚመቱ ነበር። በትዕግሥት መጥፎውን ኳስ አሳልፎ በነጻ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ለመሄድ የሚችል ተጫዋች ግን በርካሽ ይገኝ ነበር። ስካት ሃተበርግ ከነዚህ አንዱ ነው። ይህ ሰው ኳስ ተቀባይ ነበር፤ ክንዱ ግን ተጐድቶ እንደ ቀድሞው ለመወርወር ስላልቻለ የቀድሞ ክለቦቹ ለቀውት ነበር። ኦክላንድ አስፈረመውና በመጀመሪያው ማረፊያ እንዲቆም አሠለጠነው። በሴፕቴምበር 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ሃተበርግ በመጨረሻው ሰዓት ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ አሳልፎ መታና ክለቡ ካንሳስ ሲቲን 12 ለ11 ረታ፤ ይህም በተከታታይ ሃያኛው ድል ነበር። በአሜሪካን ሊግ የተመዘገበው ይህ ክብረ ወሰን በ2017 ዓ.ም. የክሊቭላንድ ክለብ 22 ተከታታይ ድል እስኪያገኝ ድረስ ጸንቶ ቈይቷል። ኦክላንድ በ2002 ዓ.ም. 103 ግጥሚያዎች አሸነፈ፤ በማጣሪያው መጀመሪያ ግን በሚኒሶታ ተሸነፈ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰዎች ርካሽ ዕቃ ፈልጎ የማግኘት ታሪክ አድርገው ያወሩታል። የሒሳቡ ሌላው ገጽ ግን ከዚህ የበለጠ ነው። የክለቡ ሦስት ምርጥ ኳስ ወርዋሪዎች፥ ማለት ቲም ሃድሰን፥ ማርክ ማልደርና ባሪ ዚቶ፥ እንዲሁም በዚያ ዓመት የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ተጫዋች የተባለው ሚጌል ቴሃዳ፥ ሁሉም ክለቡ ራሱ ያሳደጋቸውና ደመወዛቸው ገና ያልበዛ ወጣቶች ነበሩ። ክለቡ ታላላቆቹን መልቀቅ የቻለው እነዚህን አስቀድሞ ስለ ያዘ ነው።

እነርሱም በተራቸው ዋጋቸው ሲወጣ የሚለቀቁበት ጊዜ ደረሰ። ቴሃዳ በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ነጻ ሆኖ ወደ ባልቲሞር ሄደ፤ ክለቡም ወደ ነጻነት ዘመናቸው የቀረቡትን ሃድሰንንና ማልደርን በዴሴምበር 2004 ዓ.ም. ሸጦ በምትካቸው ወጣቶችን ተቀበለ። ማልደርን ተክቶ የመጣው ዳን ሃረን ታላቅ ኳስ ወርዋሪ ሲሆን፥ ማልደር ግን ከአንድ መልካም ዓመት በኋላ በትከሻ ሕመም ተሰናከለ።

በመጨረሻም አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። ኦክላንድ ስለ ሄዱት ተጫዋቾች ካሣ እንዲሆን በ2002 ዓ.ም. የወጣቶች ምርጫ ተጨማሪ ተራዎች ተሰጥተውት በመጀመሪያው ዙር ሰባት ወጣቶችን መረጠ። ኒክ ስዊሸርና ጆ ብላንተን ለብዙ ዓመታት በታላቁ ሊግ ተጫወቱ፤ ከሰባቱ ሦስቱ ግን አንድ ቀን እንኳ በታላቁ ሊግ ሳይሰለፉ ቀሩ። እነዚህንም የመረጧቸው ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ከሁለቱ ክለቦች የሚገኘው ትምህርት

ኦክላንድ ያጣቸው ሰዎች ስማቸው በየጋዜጣው የወጣ፥ ዋጋቸውም የታወቀ ነበር። ስለዚህ ክለቡ ኪሣራውን አስቀድሞ ለመገመት ምትክም ለማዘጋጀት ቻለ። ብሩክሊን ያጣው ወጣት ግን ስሙ ገና ያልታወቀ፥ ዋጋውም በመዝገብ ያልተጻፈ ስለ ነበረ፥ ሲሄድ ሐዘን ያደረገለት ሰው ብዙ አልነበረም። ከሁለቱ ከባዱ ኪሣራ ሁለተኛው ሆነ።

ስለዚህ በአሜሪካ ክለቦች ዘንድ የኖቬምበር ወር ሥራ ዝም ብሎ ስም መጻፍና መሰረዝ ተደርጎ አይቈጠርም። ሥራ አስኪያጁ በአርባዎቹ መስመሮች ፊት ሲቀመጥ፥ የሚይዘው ሰው ምን እንደሚያስገኝለት ብቻ ሳይሆን፥ በእርሱ ምክንያት ቦታ ያጣው ሰው በሌላ ሰው እጅ ምን ሊሆን እንደሚችል ጭምር መጥኖ ማሰብ አለበት። ምርጫውም የሚፈጸመው የመመዝገቢያው ቀን ሳያልፍ ነው። ከዚያ በኋላ 4,000 ዶላር የያዘው ሌላው ሰው ተራውን ይጠብቃል።