«ማመጣጠን» ወይስ «ማጣጣም»? የጆሮ ማዳመጫና የማጉያ ሙያ ቃላት በአማርኛ

የሙያ ቃል ሲተረጐም የሚደርሰው ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አንባቢው ነገሩን እንዳይረዳው ያደርጋል፤ ያልተረዳ ሰው ግን ይጠይቃልና ስሕተቱ ይታረማል። ሁለተኛው አንባቢው የተረዳ እየመሰለው የተገላቢጦሹን እንዲሠራ ይገፋፋዋል፤ ይኸኛው ጠያቂ ስለማይኖረው ሳይታረም ይኖራል። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛው ዓይነት ስሕተት ጐልቶ የሚታይበትን አንድ ጠባብ የሙያ መስክ ይመረምራል፤ ይኸውም ከፍተኛ ደረጃ ያላቸውን የጆሮ ማዳመጫዎችና እነርሱን የሚያንቀሳቅሱ ማጉያዎችን የሚመለከቱትን ቃላት ነው። ዓላማው ቃላትን መደርደር ብቻ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ቃል የተመረጠበትን ወይም የተጣለበትን ምክንያት ማስረዳት ነው።

1. «ጥራት» እና «ታማኝነት»

«ጥራት» የወጣው «ጠራ» ከሚለው ግሥ ነው። ውኃ ሲሰክን ይጠራል፤ ሰማይም ደመናው ሲገፈፍ ይጠራል። ቃሉ በመሠረቱ ከጉድፍ መለየትን የሚያመለክት ሲሆን፣ የዕቃን ደረጃ ለመግለጽ የዋለው ከዚህ በመስፋት ነው። የእንግሊዝኛው አቻው ግን «ምን ዓይነት» የሚል ፍቺ ካለው የላቲን ቃል የተወረሰ በመሆኑ፣ በድምፅ ሳይንስ ውስጥ የክራርን ድምፅ ከዋሽንት ድምፅ የሚለየውን መታወቂያ ለመግለጽም ያገለግላል። ተርጓሚው በዚህ አገባብ ሲያገኘው «የድምፅ ጠባይ» እንጂ «የድምፅ ጥራት» ሊለው አይገባም።

ልዩነቱን በገና በሚገባ ያስረዳናል። በበገና ላይ በእያንዳንዱ ክርና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ የበገናው ነዛሪ ድምፅ የሚገኘውም ከዚህ ነው። «ጥራት» ከጉድፍ መለየት ብቻ ከሆነ፣ ይህ ንዝረት ጉድለት ሊባል ነው። እውነቱ ግን ንዝረቱ የመሣሪያው ጠባይ መሆኑ ነው። መልካም የጆሮ ማዳመጫ የእንዚራውን ንዝረት አያጠራውም፤ በቅጂው ላይ እንዳለ ያደርሰዋል እንጂ። ማጉያው ወይም ማዳመጫው ከራሱ የጨመረው ንዝረት ሲኖር ግን «መዛባት» ይባላል። ስለሆነም መሣሪያው ለቅጂው ያለውን ተገዢነት ለመግለጽ «ታማኝነት» የሚለው ቃል የተሻለ ነው። ታማኝ መልእክተኛ የተላከውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርሳልና።

2. «ማጉያ»

«ማጉያ» «አጐላ» ከሚለው ግሥ የወጣ የመሣሪያ ስም ነው። «ከፈለ» «መክፈያ»፣ «ነቀለ» «መንቀያ» እንደሚሆኑ ሁሉ፣ በዚህም የ«ል» ድምፅ ወደ «ይ» ተለውጧል። ቃሉ በአመሠራረቱ እንከን የለውም። ችግሩ ሕዝቡ «ድምፅ ማጉያ» የሚለውን ለሌላ ነገር፣ ማለትም በአደባባይና በአዳራሽ ለሚሰቀለው ድምፅ አውጪ ሣጥንና በእጅ ለሚያዘው ጥሩምባ መሰል መሣሪያ ማዋሉ ነው። ሙዚቀኞችና የድምፅ ባለሙያዎች ግን የኤሌክትሪኩን መሣሪያ «አምፕሊፋየር» ይሉታል።

ሥር የሰደደውን የሕዝብ አነጋገር ማስለቀቅ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። በመሆኑም «ድምፅ ማጉያ» በያዘው ፍቺ ይቆይ፤ ለኤሌክትሪኩ መሣሪያ «ማጉያ» ብቻውን ወይም «የኤሌክትሪክ ማጉያ» ይባል። ለማደናገር በሚያሠጋበት ቦታ «አምፕሊፋየር» ብሎ መጻፍ ነውር የለበትም።

3. «ኢምፒዳንስ»

ይህን ቃል እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠረው እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ ነው። ከላቲን የወሰደው ሥር «እግርን ጠልፎ መያዝ» የሚል ፍቺ አለው። የእኛው «እንቅፋት» እግርን የሚመታ ነገር በመሆኑ በምሳሌያዊ ፍቺው ይቀርበዋል፤ ነገር ግን እንቅፋት በአንድ ቦታ የሚገኝ ክፉ አጋጣሚ ስለሆነ፣ በቁጥር የሚለካ ጠባይን ለመሰየም አይመችም። «ዕገታ» ቀድሞ የተሻለ ዕጩ ሊሆን ይችል ነበር፤ ዛሬ ግን በዜና ቋንቋ ሰውን ይዞ ወደ ማስቀረት ትርጉም አዘንብሏል።

«መቋቋም» የሚለው ቃልስ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። መቋቋም የኤሌክትሪክ ፍሰትን በድግግሞሽ ሳይለዋወጥ የሚገታውን ጠባይ ይገልጻል። ኢምፒዳንስ ግን ከድግግሞሹ ጋር ይለዋወጣል። ለምሳሌ ዜንሃይዘር ኤችዲ 600 የተባለው ማዳመጫ 300 ኦም ተብሎ ይመዘገባል፤ ሲለካ ግን ወፍራም ድምፆች በሚገኙበት በ100 ኸርዝ አካባቢ 500 ኦምና ከዚያ በላይ ይደርሳል። «የማዳመጫው መቋቋም 300 ኦም ነው» ብሎ የተረጐመ ሰው ተለዋዋጩን ቁጥር ቋሚ አደረገው ማለት ነው። ስለዚህ መለኪያው «ኦም» በውሰት እንደገባ ሁሉ «ኢምፒዳንስ»ም በውሰት እንዲገባ ሐሳብ እናቀርባለን።

4. «ስሱነት» እና «ቅልጥፍና»

በአምራቾች መግለጫ ላይ ሁለት ልኮች በአንድ ስም ሲጠሩ ይታያሉ። አንደኛው ማዳመጫው በ1 ሚሊዋት ኃይል ስንት ዴሲቤል እንደሚያሰማ ሲገልጽ፣ ሁለተኛው በ1 ቮልት ስንት እንደሚያሰማ ይገልጻል። በቃሉ መመሳሰል ብቻ «ስሜታዊነት» ብሎ መተርጐም ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ ስሜታዊ የሚሆነው ሰው ነውና። የቮልቱን «ስሱነት»፣ የኃይሉን ደግሞ «ቅልጥፍና» ብሎ መለየት ይበጃል።

መለየቱ ለምን እንዳስፈለገ ስሌቱ ያሳያል። ሁለት ማዳመጫዎች ቅልጥፍናቸው በ1 ሚሊዋት 100 ዴሲቤል ነው እንበል፤ አንዱ 300፣ ሌላው 30 ኦም ነው። ወደ ስሱነት ሲለወጥ የመጀመሪያው በ1 ቮልት ወደ 105፣ ሁለተኛው ወደ 115 ዴሲቤል ይሆናል። በሙዚቃው ከፍተኛ ቅጽበቶች 110 ዴሲቤል ለማሰማት ሁለቱም 10 ሚሊዋት ይሻሉ፤ ዳሩ ግን የመጀመሪያው 1.73 ቮልትና 5.8 ሚሊአምፔር ሲጠይቅ፣ ሁለተኛው 0.55 ቮልትና 18 ሚሊአምፔር ይጠይቃል። አንዱ ግፊት፣ ሌላው ፍሰት ፈላጊ ነው ማለት ነው።

«ኢምፒዳንሱ ዝቅ ያለ ማዳመጫ ለማንቀሳቀስ ቀላል ነው» የሚለውም አባባል ሁልጊዜ አይሠራም። ሃይፋይማን ኤችኢ-6 የተባለው ማዳመጫ 50 ኦም ብቻ ነው፤ ቅልጥፍናው ግን በ1 ሚሊዋት 83.5 ዴሲቤል በመሆኑ፣ 110 ዴሲቤል ለማሰማት ወደ 450 ሚሊዋት፣ ማለትም 4.7 ቮልትና 95 ሚሊአምፔር ያህል ይጠይቃል። ይህም ከላይ ለተጠቀሱት ከሚበቃው ኃይል 45 እጥፍ ነው። ለዚህ የሚበቃ ማጉያ ቁልፉ ሳይመለስ በስሱ ማዳመጫ ላይ ቢሰካ ጆሮን ይጐዳል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ለ8 ሰዓት የሚመክረው ወሰን 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚመከረው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። የሁለቱ ቃላት መምታታት እንግዲህ የጆሮም ጉዳይ ነው።

5. «ማመጣጠን» ወይስ «ማጣጣም»?

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ማዳመጫንና ማጉያን ማገናኘትን የሚመለከተው የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ታሪክ አለው። በቀድሞው የስልክ ምሕንድስና ረዣዥም መስመሮችን ለማገናኘት የላኪውና የተቀባዩ ኢምፒዳንስ እኩል እንዲሆን ይደረግ ነበር፤ 600 ኦም በ600 ኦም ማለት ነው። በዚህ አገባብ «ማመጣጠን» ትክክለኛ ትርጉም ነው። በጆሮ ማዳመጫ ዘንድ ግን ያው ቃል ሲነገር የሚፈለገው ተቃራኒው ነው፤ የማጉያው የመውጫ ኢምፒዳንስ ከማዳመጫው እጅግ ማነስ አለበት። ባለሙያዎች እንደ ልማድ የሚከተሉት ልክ ከ1/8 እንዳይበልጥ የሚል ነው።

በኤችዲ 600 ምሳሌ እንየው። ኢምፒዳንሱ በአንዱ ድግግሞሽ 300፣ በሌላው 500 ኦም ይሁን። የማጉያው መውጫ 1 ኦም ከሆነ በሁለቱ ድግግሞሾች መካከል የሚፈጠረው የድምፅ ልዩነት ከ0.02 ዴሲቤል በታች ስለሆነ አይሰማም። መውጫው 120 ኦም ሲሆን ልዩነቱ ወደ 1 ዴሲቤል ይደርሳል። ትርጉሙን አምኖ «ያመጣጠነ» ሰው፣ ማለትም 300 ኦም መውጫ ያዘጋጀ፣ ልዩነቱን ወደ 2 ዴሲቤል ያደርሰዋል፤ ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል፤ የኃይሉም ግማሽ እዚያው ማጉያው ውስጥ ይባክናል። አንባቢው ያጠፋው ነገር የለም፤ የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ።

ሌላም ጉዳት አለ። የማዳመጫው ሽፋን ከተንቀሳቀሰ በኋላ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ይህ ኤሌክትሪክ በዝቅተኛ የመውጫ ኢምፒዳንስ በኩል ሲፈስ እንቅስቃሴውን መልሶ ይገታዋል። ነገሩ የክራር መቺ እንዳይሰሙ የሚፈልጋቸውን ክሮች በግራ እጁ ጣቶች ይዞ ዝም እንደሚያሰኛቸው ነው። ለዚህ «ማርገብ» ሊመረጥ ይችል ነበር፤ ነገር ግን በባለክር መሣሪያ ዘንድ የረገበ ክር የላላ ክር ነውና ያደናግራል። ፈረስ በልጓም እንደሚገታ «መግታት» ይባል፤ የማዳመጫው ኢምፒዳንስ ለመውጫው ኢምፒዳንስ ሲካፈል የሚገኘውም ቁጥር «የመግታት ልክ» ይሁን። ዝርግ ማግኔታዊ በሚባሉት ማዳመጫዎች ኢምፒዳንሱ ብዙም ስለማይለዋወጥ የመውጫው ነገር የድምፁን ሚዛን ያን ያህል አይለውጠውም።

በእነዚህ ምክንያቶች «ማጣጣም» እንዲመረጥ እናሳስባለን። የተጣጣሙ ነገሮች እኩል መሆን ግድ የለባቸውም፤ ቁልፍና ጓጕንቸር ይጣጣማሉ እንጂ አይተካከሉም።

6. ነጂ ያልሆነው «ነጂ»

በአብዛኛው መግለጫ ላይ «ነጂ» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለው ቃል በማዳመጫው ውስጥ ያለውን ድምፅ ፈጣሪ ክፍል ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1960 የመጀመሪያውን ኤሌክትሮስታቲክ ማዳመጫ ያቀረበው የጃፓኑ ስታክስ ግን በዚያው ቃል የሚጠራው ማጉያውን ነው። ዘመናዊዎቹ የስታክስ ማዳመጫዎች 580 ቮልት የማዘጋጃ ግፊት ስለሚሹ ከተራ ማጉያ ጋር በቀጥታ አይሠሩም፤ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነገር አይደለም። ለመጀመሪያው «ድምፅ አመንጪ»፣ ለሁለተኛው «አንቀሳቃሽ ማጉያ» ማለት ይቻላል።

7. የቅጽል ነገር

የሙዚቃ አፍቃሪዎች ስለ ማዳመጫ ሲጽፉ «ሞቃት» ይላሉ፤ ወፍራሙ ድምፅ በርከት፣ ቀጭኑ ለስለስ ያለውን ማለታቸው ነው። በአማርኛ ግን ሞቅ ያለ ዘፈን የሚባለው የሚያስጨፍረው ነው። ቃል በቃል መተርጐም ረጋ ያለውን ደማቅ ያደርገዋል። ቋንቋችን ጎርናና፣ ሰላላ፣ ሻካራ፣ ስርቅርቅ፣ ወፍራምና ቀጭን የሚሉ የድምፅ ቅጽሎች አሉት። ተርጓሚው አስቀድሞ እነዚህን ይፈትሽ።

ለማጠቃለል ያህል፣ ለውይይት የቀረቡት ቃላት የሚከተሉት ናቸው።

ታማኝነት፦ ቅጂውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማድረስ።
መዛባት፦ በቅጂው ላይ ያልነበረ፣ መሣሪያው የጨመረው።
ማጉያ፦ የኤሌክትሪክ ምልክትን የሚያጐላ መሣሪያ።
ኢምፒዳንስ፦ ከድግግሞሽ ጋር የሚለዋወጥ፣ በኦም የሚለካ የፍሰት መግቻ ጠባይ።
ስሱነት፦ በ1 ቮልት የሚገኝ የዴሲቤል መጠን።
ቅልጥፍና፦ በ1 ሚሊዋት የሚገኝ የዴሲቤል መጠን።
የመግታት ልክ፦ የማዳመጫው ኢምፒዳንስ ለማጉያው መውጫ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር።
ማጣጣም፦ ማጉያውን ለማዳመጫው ጠባይ ተስማሚ አድርጎ መምረጥ።
ማመጣጠን፦ ሁለት ኢምፒዳንሶችን እኩል ማድረግ፤ ለስልክና ለመሰል መስመሮች ብቻ።

ከእነዚህ መካከል የተሻለ አቻ የሚገኝላቸው ይኖራሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ግን በምንም ስም ቢጠሩ፣ ተለያይተው መጠራታቸው ግድ ነው።