በእህል ዕቃ ውስጥ ስለምትገኘው ትንሽ ብል

የበቆሎ ጐታ ሲከፈት ገለባ የመሰለች ትንሽ የእሳት እራት ብርር ስትል ያላየ አንባቢ የለም። ብዙ ሰው «ነቀዝ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ነገር ግን ነቀዝ አፉ እንደ ኩምቢ የሾለ ጥንዚዛ ሲሆን፣ ይህችኛይቱ ከብል ወገን ናት። እ.ኤ.አ. በ1760 በፈረንሳይ አገር በአንጉሙዋ አውራጃ እህሉን ስላጠፋችው የሳይንስ አካዳሚው ሁለት ሊቃውንት ልኮ አስመርምሯታል። በ1789 ኦሊቪዬ የተባለው ሊቅ ስም አወጣላት፤ ዛሬ ሲቶትሮጋ ሴሪያሌላ ትባላለች።

ለመለየት የሞተችውን በነጭ ወረቀት ላይ አኑሮ በአጉሊ መነጽር መመልከት ይበቃል፤ ለተማሪዎችም ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው። የኋላ ክንፏ ጫፍ በድንገት ጠብቦ እንደ ጣት ይሾላል፤ ዳሩም ረዣዥም ጠጕር አለው። በዱቄት ላይ ድር የምታደራው ሌላይቱ ብል ግን የፊት ክንፏ ከሥሩ አመድማ፣ ከዚያ ወዲያ መዳብ የመሰለ ነው።

በራሪዋ እህል አትበላም፤ የሚበላው በፍሬው ውስጥ የተሰወረው ትል ነው። ወደ ታች ለመዝለቅም አቅም ስለሌላት ጉዳቱ የሚበዛው ከላይ ባለው እህል ነው፤ ነቀዝ ግን እስከ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የላዩን አንሥቶ በብርቱ ፀሐይ ማስጣትና መንፋት ይገባል። እኛን የሚያሳስበን ይህን ሳይለዩ በመኝታ ቤት ባለ እህል ውስጥ የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን የሚጨምሩት ናቸው፤ ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ የሚወጣው ጋዝ ትሉን ብቻ ሳይሆን የተኛውንም ሰው ይገድላል።